የሐይቁ ዳር ሲጠብ፦ ሙቀት፣ ውሃና የሐዋሳ ተሰዳጅ ወፎች

ጠዋት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ ጀልባዎቹ ሲገቡ ቆሮሶና አምባዛ ይራገፋል። ልጆች ቢላ ይዘው ዓሣ ይበልታሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራ ጭንቅላታቸውን አቀርቅረው ዙሪያውን ይቆማሉ። የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲወረወር ግፊያ ነው። ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ፎቶውን ይነሳና «ሐዋሳ እኮ በወፍ የተሞላች ናት» ብሎ ይመለሳል።

ወፍስ ሞልቷል። ግን አባ ኮዳ ተሰዳጅ እንግዳ አይደለም። የቆሻሻ ክምርና የዓሣ ተረፈ ምርት እስካለ ድረስ ክረምት ከበጋ ከከተማችን አይጠፋም። የእሱ መብዛት ስለ ቆሻሻ አወጋገዳችን ብዙ ይናገራል፤ ስለ ሐይቁ ጤንነት የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። የሐይቁን ጤና ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከአሞራ ገደል ራቅ ብሎ፣ ውሃው ሳስቶ ከጭቃው የሚገናኝበትን ቦታ መፈለግ አለበት። እዚያ የሚርመሰመሱት ጥቃቅን ወፎች የዓመት እንግዶቻችን ናቸው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይመጣሉ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ።

ይህ ጽሑፍ የአንድ ቦታ የጉዳይ ጥናት ነው። ቦታው ከወንዶ ገነት ተራሮች ግርጌ ካለው የጨለለቃ ረግረግ ይጀምራል፤ የጥቁር ውሃን ወንዝ ተከትሎ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ጥያቄው የዓለም ሙቀት መጨመር በየወቅቱ ወደዚህ የሚመጡትን ወፎች ቁጥርና ዓይነት እንዴት ይነካል የሚል ነው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ሙቀቱ እኛ ዘንድ ወፎቹን የሚደርስባቸው በአብዛኛው በውሃው በኩል ነው። ውሃው ከፍና ዝቅ ሲል ደግሞ የሚንቀሳቀስበት ሰፊ ዳር ይፈልጋል። ያንን ዳር እኛ እየዘጋንበት ነው።

ሐይቁና ጎረቤቱ

ሐዋሳ ሐይቅ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ትንሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስፋቱ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 22 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,680 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው። በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ አብዛኛውን ጊዜ ጨው እየሆነ ይሄዳል፤ የእኛው ግን እስካሁን ጣፋጭ ውሃ ነው። ቆሮሶው የሚራባውም፣ ፊላው የሚበቅለውም፣ ጉማሬው የሚኖረውም ለዚህ ነው።

መውጫ የለውም ማለት ሒሳቡ ቀላል ነው ማለት ነው። ዝናብ፣ ጥቁር ውሃና ከየኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ይጨምሩበታል። ፀሐይ ደግሞ ትቀንስበታለች። በዓመት ከሐይቁ ላይ የሚተነው ውሃ በቀጥታ ከሚዘንብበት ይበልጣል። ጉድለቱን የሚሞሉት ወንዙና ጎርፉ ናቸው። ስለዚህ አየሩ በሞቀ ቁጥር ወጪው ይጨምራል፤ ገቢው ደግሞ ላይ ተራራው ዘንድ በሚሆነው ላይ ይንጠለጠላል።

ላይ ምን ሆነ? ጥቁር ውሃ የሚነሳው ከጨለለቃ ነው። ጨለለቃ ዛሬ ረግረግ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ግን ከ10 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሐይቅ ነበር። ከተራራው የሚወርዱት ጅረቶች ለጫት፣ ለሸንኮራ አገዳና ለአትክልት ተጠለፉ። ደኑ ተመነጠረ፤ አፈሩ እየታጠበ ወርዶ ሐይቁን ሞላው። ውሃው ሳሳ፣ ቄጠማና ሣር ወረሰው፣ ከብት ገባበት። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በአየር ንብረት ማሳበብ ተገቢ አይደለም። ጨለለቃን በዋናነት ያደረቀው የእኛው እጅ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። ሐይቅ ወደ ረግረግ ሲለወጥ መጀመሪያ ላይ ለብዙ ወፎች ሰርግና ምላሽ ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ መቆም የማይችል አጭር እግር ያለው ወፍ ሁሉ ድንገት ሰፊ ገበታ ያገኛል። ዳክዬዎችም ሥር ለመልቀም ይመቻቸዋል። ችግሩ ሳሳ ያለው ውሃ እዚያ ላይ አይቆምም። መድረቁ ይቀጥላል። ረግረጉ የግጦሽ መሬት፣ የግጦሹ መሬት ደግሞ እርሻ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ዓመት «ወፍ በዝቶ አየሁ» ቢል እውነቱን ነው፤ ግን ቦታው ደህና ነው ማለት አይደለም።

የሚመጡት እነማን ናቸው?

ሁሉንም ዘርዝሬ አልጨርሳቸውም። አንዷን ቀረብ ብለን እንያት።

ስሟ ትንሿ ስቲንት ነው። ጭቃ ላይ የሚሮጡ ጥቃቅን ግራጫማ ወፎች አይታችሁ ከሆነ፣ ምናልባት እሷን አይታችኋል። ክብደቷ 25 ግራም ገደማ ነው። እግሯም ምንቃሯም ጥቁር ነው። ሮጥ ትላለች፣ ቆም ትላለች፣ ጭቃውን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። ምግቧ በእርጥብ ጭቃ የላይኛው ንብርብር ውስጥ ያሉ ትሎችና የነፍሳት እጮች ናቸው። ውሃው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከበለጠ መቆም አትችልም። ጭቃው ደርቆ ከተሰነጠቀ ደግሞ ምንቃሯ አይገባም። የምትኖረው በዚያች ጠባብ እርጥብ መስመር ላይ ብቻ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ግን በሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ ሰሜናዊ ሩሲያና ስካንዲኔቪያ ጫፍ ላይ ነው። ከሐዋሳ እዚያ ለመድረስ ቢያንስ 7,000 ኪሎ ሜትር መብረር አለባት። ለዚህ ጉዞ የሚሆናትን ስብ የምታጠራቅመው ከመነሳቷ በፊት ባሉት ሳምንታት ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲትና መጋቢት ማለት ነው። የበጋው መጨረሻ ነው፤ ውሃው ዝቅ የሚልበት፣ ፀሐዩ የሚከርበት ጊዜ።

ከእሷ ጋር ሌሎችም አሉ። ረዘም ያለ እግር ያላቸው ትንሽ ጠለቅ ያለው ውሃ ውስጥ ይቆማሉ። ዳክዬዎች ከዚያ በታች ያለውን ይይዛሉ። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ሹል ጭራና ማንኪያ ምንቃር ያላቸው ዳክዬዎች በዚህ ወቅት በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ይውላሉ። ጭራቸውን የሚያወዛውዙት ቢጫ ደረት ወፎች ደግሞ ከከብት እግር ሥር ነፍሳት ይለቅማሉ። ሽመላዎች፣ ንስሮችና ጭልፊቶች ላይ በላይ ያልፋሉ። የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቀ አየር ለሚንሳፈፉ ትልልቅ ወፎች በዓለም ላይ ሁለተኛው ትልቅ የጉዞ መንገድ ነው። በዓመት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ወፎች በዚህ መንገድ ያልፋሉ።

ነዋሪዎቹም አሉ። ረጃጅም ጣቶቿን ዘርግታ በሚንሳፈፉ ቅጠሎች ላይ የምትራመደዋ ወፍ፣ ከፊላው ውስጥ ብቅ ጥልቅ የምትለዋ ቀይ እግር ጥቁር ወፍ፣ ከግራር ላይ ሆኖ የሚጮኸው ነጭ ራስ ዓሣ በል ንስር፣ ሳቢሳው። እነዚህ አይሰደዱም። ግን እነሱም የሚኖሩት ከዚሁ ዳር ነው።

እዚህ ላይ ቁጥርና ዓይነት መለየት አለባቸው። 500 ወፍ የቆጠረ ሰው 480ው አባ ኮዳና ሳቢሳ ከሆኑ ሀብታም ሐይቅ አላየም። 200 ቆጥሮ 30 ዓይነት ያገኘ ሰው ይሻለዋል። ዳሩ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሄዱት ምግባቸውን መቀያየር የማይችሉት ናቸው። ቆሻሻ መብላት የሚችለው ይቀራል። ስለዚህ አጠቃላይ ቁጥሩ ሳይነቃነቅ ዓይነቱ ሊሳሳ ይችላል። ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር አይመስለውም።

ሙቀቱ በየት በኩል ይገባል?

በኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ሌሊቱ ከቀኑ የበለጠ ሞቋል። አንዳንድ ወፎችን ሙቀቱ ራሱ በቀጥታ ይመታቸዋል። ከእኛ ወደ ደቡብ፣ ያቤሎ አካባቢ ብቻ የምትገኘውን የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ አየሩ ሲሞቅ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ጥላ ትፈልጋለች፣ ምግብ የምትፈልግበት ጊዜ ያጥርባታል ይላሉ። የምትኖርባት ጠባብ ምድር ከዙሪያዋ ቀዝቀዝ ያለች ናት። ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ አብዛኛውን መኖሪያዋን ልታጣ እንደምትችል ተንብየዋል። እሷ መሄጃ የላትም። ክንፍ ያለው ሁሉ መሄጃ አለው ብለን የምናስብ ሰዎች እሷን ማስታወስ አለብን።

ተሰዳጆቹ ግን ሙቀቱ የሚደርስባቸው በሌላ መንገድ ነው። አንደኛው እዚሁ ቤታችን ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመው እርጥበት በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከውሃ አካልና ከአፈር የበለጠ ይመጥጣል፤ ሲጥል ደግሞ የበለጠ ይጥላል። ስለዚህ የምናገኘው ድርቅ ብቻ ወይም ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም እየተፈራረቁ፣ ሁለቱም እየበረቱ ነው። በ1997 እና 1998 እ.ኤ.አ. በነበረው ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የዓለምን ዝናብ የሚያዛባ ክስተት) ደቡቡ ላይ ያለ ልክ ዘነበ፤ ሐዋሳ ሐይቅም ከፍ ብሎ ዳር ያለውን እርሻና ቤት አጥለቀለቀ። በ2015 እ.ኤ.አ. ሌላ ኤልኒኖ መጣና የክረምቱን ዝናብ ነሳን። በ2019 እ.ኤ.አ. የሕንድ ውቅያኖስ መሞቅ ያመጣው ዝናብ የምሥራቅ አፍሪካን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከፍ አደረጋቸው። ወዲያው ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቦረናና በአካባቢው አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ይህ ሁሉ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነው።

ሐይቅ እንዲህ ሲወዛወዝ ስቲንቷ የምትቆምባት እርጥብ መስመርም አብራ ትጓዛለች። ሐይቁ ዳሩ ላይ እንደ ሰፌድ ዝርግ በሆነበት ቦታ ውሃው አንድ ስንዝር ሲወርድ ብዙ ሜትር ጭቃ ይገለጣል። አንድ ስንዝር ሲወጣ ደግሞ ብዙ ሜትር ሜዳ ይረጥባል። መስመሩ ተንቀሳቀሰ እንጂ አልጠፋም። ወፎቹም ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው፤ ተከትለው ይሄዳሉ። ከፍና ዝቅ ማለቱ ራሱ ጠላታቸው አይደለም። እንዲያውም ጭቃውን የሚያዳብረው እሱ ነው።

ችግሩ መስመሩ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የሚያርፍበት ሲያጣ ነው። ከከተማው በኩል ከተማውን ከውሃ የሚከላከል ግድብ አለ። ከ1998ቱ (እ.ኤ.አ.) ጎርፍ በኋላ ማንም ግድብ ለምን አለ ብሎ ሊጠይቅ አይችልም፤ ሰው ቤቱ ሲጥለቀለቅ ዝም ብሎ አያይም። ግን ግድብ ያለበት ቦታ ላይ ውሃው ሲጨምር ጭቃው ይሰጥማል፤ ከግድቡ ወዲህ ደግሞ አዲስ ጭቃ አይፈጠርም። ግድብ በሌለበት በኩል የአትክልት ማሳው ውሃው ጫፍ ድረስ ይወርዳል። ውሃው ዝቅ ሲል ማሳው ተከትሎት ይወርዳል። ተመልሶ ሲመጣ «ሐይቁ ማሳዬን ወሰደብኝ» ይባላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ከዳር ያለው ቁጥቋጦና ፊላ ተጠርጎ መናፈሻ ይሆናል፣ ድንጋይ ይነጠፋል። ውሃውን ለማየት ያምራል። ከውሃው ጋር ለሚኖረው ግን ቤቱን አፍርሰን ሳሎን እንደሠራንበት ነው።

አንድ ቀን ማለዳ ከአንድ የቆዩ ዓሣ አጥማጅ ጋር ዳር ላይ ተቀምጠን ነበር። መረባቸውን እየጠገኑ ነው።

«ጋሼ፣ ፊላው ድሮም እስከዚህ ድረስ ብቻ ነበር?» አልኳቸው።

«ኧረ ተው ልጄ!» አሉኝ፤ በእጃቸው ከጀርባችን ያለውን የድንጋይ ንጣፍ ጭምር ጠቆሙ። «ይሄ ሁሉ ፊላ ነበር። ቆሮሶ እንቁላሉን የሚጥለው እኮ እዚያ ነው። ጫጩቱስ የት ይደበቅ?»

ስለ ወፍ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም ስለ ወፍ አላወሩም። ግን ነገሩ አንድ ነው። ቆሮሶ የሚራባው በሳሳውና ሣር ባለበት ውሃ ውስጥ ነው። ዓሣ አጥማጇ ወፍ የምትበላው ትንሽ ዓሣ፣ የሰውዬው መረብ ነገ የሚይዘው ትልቅ ዓሣ፣ ሁለቱም ከዚያው ዳር ይነሳሉ።

ከሐዋሳ ውጭ የሚሆነው

ሁለተኛው የሙቀቱ መግቢያ ሩቅ ነው፤ ወፎቹ ከሚፈለፈሉበት። የሰሜን ዋልታ አካባቢ ከተቀረው ዓለም ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት እየሞቀ ነው። በረዶው ቀድሞ ይቀልጣል፣ ነፍሳቱ ቀድመው ይፈለፈላሉ። ከአፍሪካ የምትነሳ ወፍ ግን ስለዚያ በምን ታውቃለች? የመነሻዋን ጊዜ በአብዛኛው የሚነግራት የቀኑ ርዝመት ነው። የቀኑ ርዝመት ደግሞ ከሙቀት ጋር አይለወጥም። ስለዚህ በሰዓቷ ትደርሳለች፣ ማዕዱ ግን ተነስቷል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ምዕራብ አፍሪካ ከርማ የምትመለስ አንዲት ትንሽ ዝንብ ለቃሚ ወፍ በዚህ ምክንያት ክፉኛ ተጎድታለች። አባጨጓሬው ቀድሞ በሚፈላባቸው ጫካዎች ቁጥሯ በሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በ90 በመቶ ያህል ወርዷል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይበልጥ አስደንግጦኛል። በሞቃት ዓመታት ሩሲያ ሰሜን ጫፍ የተፈለፈሉ የባሕር ዳር ወፎች ሰውነታቸው አንሶ፣ ምንቃራቸው አጥሮ ያድጋሉ። ሞሪታንያ ሲደርሱ ጭቃው ውስጥ ጠልቀው የተቀበሩት ቀንድ አውጣ መሰል ምግቦቻቸው ጋ ምንቃራቸው አይደርስም። ሰሜን ላይ የሞቀው አየር አፍሪካ ላይ ያስርባቸዋል።

አንዳንዶቹ ደግሞ ከነጭራሹ መምጣት ትተዋል። አውሮፓ ውስጥ በርካታ የዳክዬ ዓይነቶች የብርዱ ወቅት ስለለዘበላቸው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጠጋ ብለው መክረም ጀምረዋል። ሰሃራን ተሻግረው ይመጡ የነበሩ የምዕራብ አውሮፓ ነጭ ሽመላዎች በብዛት ስፔንና ፖርቱጋል ቀርተዋል፤ ቆሻሻ መጣያው ምግብ አለው፣ ብርዱም አይገድላቸውም። ይህ ለእኛ ቆጠራ ትልቅ ትርጉም አለው። ሐዋሳ ላይ ዳክዬ ቢያንስ ሐይቃችን ስለተበላሸ ሊሆን ይችላል። ዳክዬዎቹ መንገድ ላይ ስለቀሩም ሊሆን ይችላል። ሞተውም ሊሆን ይችላል። አንድ ሐይቅ ብቻ በመቁጠር ይህን መለየት አይቻልም። በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር፣ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ ባሉት ቀናት፣ በብዙ አገሮች በአንድነት የሚካሄደው የውሃ ወፎች ቆጠራ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ኢትዮጵያም ትሳተፍበታለች፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለዓመታት ይህን ሥራ ሲያስተባብር ቆይቷል።

መንገዱ መሐል ያለው ሦስተኛው መግቢያ ነው፤ እዚህ ላይ ድርሻው የእኛ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ቀንድ በድርቅ ተመታ። ስካንዲኔቪያ ውስጥ ተመራማሪዎች በሁለት ዓይነት ትንንሽ ወፎች ጀርባ ላይ ብርሃን የሚመዘግቡ ጥቃቅን መሣሪያዎች አስረው ነበር። ወፎቹ ከደቡባዊ አፍሪካ ወደ ሰሜን ሲመለሱ የሚያርፉትና ስብ የሚሞሉት በእኛ ቀጠና ነው። በዚያ ዓመት ምግብ ስላጡ እዚህ ከወትሮው በላይ ቆዩ። አውሮፓ ዘግይተው ደረሱ፤ መራባታቸውም ዘገየ። የኦጋዴንና የሶማሊያ ድርቅ ዴንማርክና ስዊድን ጎጆ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህን ጥናት ካነበብኩ ወዲህ የሐዋሳን ዳር የሐዋሳ ብቻ አድርጌ ማየት አልቻልኩም።

ጎረቤቶቻችን የከፈሉት

ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ አብያታና ሻላ አሉ። ሻላ ጥልቅ ነው፣ ዓሣ ግን የለውም ማለት ይቻላል። መሐሉ ላይ ግን ጅብም ቀበሮም የማይደርስባት ደሴት አለች። ነጭ ፔሊካኖች እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነበር። ምግባቸውን ግን የሚያመጡት በኮረብታው ላይ ተሻግረው ከአብያታ ነው። አብያታ ጥልቀት የለውም፤ ዓሣ ነበረው። ከዝዋይ የሚመጣው ውሃ ለመስኖ ሲቀንስና የአብያታ ውሃ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ፣ ሙቀቱና ትነቱም ሲታከልበት፣ ሐይቁ ግማሽ ያህሉን አጣ። የቀረው ጨው ሆነ። ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹም የሻላን ደሴት ለቀቁ። ደሴቷ እንዳለች ናት፤ ጎጆው የፈረሰው ሌላ ሐይቅ ላይ ነው።

ውሃ መብዛትስ? ኬንያ ውስጥ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በቅርብ ዓመታት ሲያብጡ ጨዋማነታቸው ቀጠነ። ትንሿ ፍላሚንጎ የምትበላው አልጌ ጨውና ሶዳ ባለበት ውሃ ውስጥ የሚራባ ነው። ውሃው ሲበዛ ምግቧ ሳሳ፣ ከነባር ሐይቆቿም እየራቀች ነው። ስለዚህ «ሐይቁ ሞልቷል፣ እሰይ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ማን እንደሚበላበት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሐዋሳ ከሁለቱም መማር ትችላለች፤ ውሃችን ገና ጣፋጭ ነው፣ ዓሣችን ገና አለ፣ ፊላውም በየቦታው ይገኛል። እንደ አብያታ አልመሸብንም።

ምን ይደረግ?

ሙቀቱን ሐዋሳ ብቻዋን አትመልሰውም። ዳሩን ግን መመለስ ትችላለች። እኔ የማምንበት ዋናው ነገር ለሐይቁ የሚወጣበትና የሚገባበት ቦታ መተው ነው። ከተማው የተሠራበት በኩል ግድቡ ይቆይ። በጥቁር ውሃ አፍና ገና ባልተገነባባቸው ዝርግ ዳርቻዎች ግን ውሃው በከፍታ ዓመታት የሚደርስበት መስመር በምልክት ይከለል። ከዚያ መስመር ወዲያ ቋሚ ግንባታ አይግባ፣ ድንጋይ አይነጠፍ። በዝቅታ ዓመታት ሣር ማጨድ ይቻላል፤ ፊላውም በሙሉ ሳይሆን በየተራ ይቆረጥ። ከብትም ይግባ፣ ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ጭቃው ለወፎቹ ይለቀቅ። አርሶ አደሩ የሚያጣው ነገር ካለ ካሳው መታሰብ አለበት። ድሃው ብቻ ለወፍ ይክፈል የሚል ጥበቃ አይዘልቅም፣ ፍትሕም አይደለም።

ጨለለቃ ደግሞ ከሁሉ በፊት ውሃ ያስፈልገዋል። ላይ ያሉት ጅረቶች በበጋ ሙሉ በሙሉ እንዳይጠለፉ፣ ከእያንዳንዱ ጅረት የተወሰነ ውሃ ወደ ታች እንዲያልፍ ተጠቃሚዎቹ መስማማት አለባቸው። ተራራው ላይ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ብቻ ከሆነ አፈሩን አይይዝልንም፤ የአገር ዛፎችና ሣር ያስፈልጋሉ። ጨለለቃ እንደ ስፖንጅ ውሃ ከያዘ ጎርፉ ሐዋሳን በድንገት አይመታም፤ በበጋም ጥቁር ውሃ አይደርቅም። ለወፉ የሚሠራው ሥራ እዚህ ላይ ለከተማው ከሚሠራው ጋር ይገጥማል።

ሦስተኛው ቆጠራው ነው፤ ማንም ሰው ሊያግዝበት ይችላል። አብዛኛው የወፍ ቆጠራ ቁጥርና ዓይነት ብቻ ይመዘግባል። ለሐዋሳ ግን ይህ አይበቃም እላለሁ። በአንድ በተመረጠ ቦታ ላይ ምልክት የተደረገበት እንጨት ይተከልና የውሃው ከፍታ በየቆጠራው ቀን ይነበብ። ከውሃው ጫፍ እስከ ደረቁ መሬት ድረስ ያለው እርጥብ ጭቃ በእርምጃ ይለካ። ከዚያው ነጥብ፣ ወደዚያው አቅጣጫ ፎቶ ይነሳ። ወፎቹ ደግሞ በሦስት ይከፈሉ፤ ጭቃ ላይ ያሉት፣ ሳሳ ያለው ውሃ ውስጥ ያሉት፣ ጥልቁ ላይ የሚንሳፈፉት። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ወፎቹ የሚበሉበት ሰዓት ነው፣ ነፋሱም ገና አልተነሳም። ጥር ላይ ብቻ ሳይሆን ጥቅምትና መጋቢት ላይም ይደገም፤ መምጫና መሄጃቸው ስለሆነ።

እንዲህ ሲደረግ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልስ ማግኘት ይቻላል። ጭቃው ሰፍቶ ሳለ ስቲንቶቹ ካነሱ ምክንያቱን ሰሜን ላይ ወይም መንገድ ላይ እንፈልጋለን። ጭቃው ጠቦ እነሱም ካነሱ ግን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ግድቡንና ማሳውን ነው። ያኔ ለከተማው ፕላን ክፍል የሚቀርብ ነገር ይኖረናል፤ የውሃው ከፍታ፣ የጭቃው ስፋት፣ የወፉ ዓይነትና ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ ላይ፣ ከነፎቶው።